ጂኑ ታውቋል፣ ሩዙ ግን ጠርሙስ ውስጥ አልበቅልም አለ

ጅማ ጁስ ቤት ቁጭ ብላችሁ አቮካዶ ሲሰራ አይታችሁ ከሆነ፣ ልጁ አቮካዶውን ለሁለት ሰንጥቆ ወሬ ከያዘ ፊቱ ወዲያው ይጠቁራል፣ ሎሚ ጠብ ካደረገበት ግን ይቆይለታል። እኔ ላብራቶሪ (ላብ እያልኩ ነው ምጽፈው) ውስጥ ከሩዝ ጋር ስታገል የከረምኩት ባብዛኛው ከዚች ጥቁረት ጋር ነው። የሩዝ ሰው አይደለሁም፣ ቲሹ ካልቸር፣ ከትንሽ ቁራጭ ተነስቶ ጠርሙስ ውስጥ ተክል ማብቀል ማለት ነው፣ የተማርኩት በቡና ነው፣ ጅማ ሆኖ በሌላ የሚማር ማን አለ፣ ግን አንድ ፌስታል ሩዝ እጄ ገባና ይሄው ስለሱ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ፌስታሉ የመጣው ከጨዋቃ ነው፣ ቡኖ በደሌ ዞን። የጓደኛዬ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ጅማ መጥተው ቡና ተፈልቶ ቁጭ እንዳልን፣ ከሻንጣቸው ያልተፈተገ ሩዝ አወጡና መዳፋቸው ላይ ዘረገፉት። «ልጄ፣ አንተ ላብራቶሪ ነህ አሉ» አሉኝ። «ይሄ ሩዝ ምግቡም ሸጋ ነው፣ ገበያ ላይም አያሳፍርም፣ እህል ሲይዝ ግን ቁመቱ አይችለውም፣ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል። ሌላውን ተዉት፣ ቁመቱን ብቻ አታሳጥሩልኝም?» እኔም ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣሁ «እሱማ ቀላል ነው አባባ» አልኳቸው። ያቺን ቃል እስከዛሬ እየከፈልኩባት ነው።

እንደዛ ያልኩት ግን ዝም ብዬ አይደለም። የሩዝን ቁመት የሚወስነው ጂን ከታወቀ ቆይቷል፣ ኤስዲ1 ይባላል። በ1966 (አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው) ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያወጣው አይአር8 የተባለው ሩዝ የእስያን ምርት ቀየረ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ የዛ ሩዝ ዋናው ነገር ማጠሩ ነው፣ ማጠሩ ደሞ ዲ-ጂኦ-ዉ-ጀን ከሚባል የታይዋን ሩዝ በማዳቀል የመጣ ነው። በ2002 ተመራማሪዎች ጂኑ ጋ ሲደርሱ ያ አጭር ሩዝ ላይ 383 የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለው አገኙት። ጂኑ በጤናው ጊዜ ጂበረሊን ሚባለውን ተክሉን ወደላይ የሚስበውን ሆርሞን ለመስራት ያግዛል፣ ሲበላሽ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ተክሉ ያጥራል፣ እህሉን ተሸክሞ ይቆማል። በቃ ይሄው ነው። ከሌላ ፍጡር የሚመጣ ነገር የለም፣ ያለውን አንድ ጂን ማበላሸት ብቻ ነው፣ ማበላሸት ደሞ ክሪስፐር (ዲኤንኤን የተፈለገው ቦታ ላይ የሚቆርጥ መሳሪያ ነው፣ ስራው ኤዲቲንግ ይባላል) ከሚችላቸው ስራዎች ሁሉ በጣም የሚችለው ነው።

እንደውም የኛው ጤፍ ላይ ተሰርቷል። ጤፍ እንደሚጋደም ለማንም መንገር አያስፈልግም፣ በ2022 የታተመ ስራ ላይ ይሄንኑ ኤስዲ1 ጤፍ ውስጥ በክሪስፐር አጥፍተውት አጭርና ማይተኛ ጤፍ አግኝተዋል፣ ጤፍ ደሞ እጥፍ ክሮሞዞም ስላለው አራቱንም ቅጂ ነው ማጥፋት የነበረባቸው። ሩዝ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ስለዚ አባባን ቀላል ነው ማለቴ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር።

ለምን አታዳቅሉትም የሚል አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይቻላል። አጭር ሩዝ ታመጣለህ፣ ከአባባ ሩዝ ጋር ታዳቅላለህ፣ የተወለደውን መልሰህ ከአባባ ሩዝ ጋር ታዳቅላለህ፣ እንደገና መልሰህ፣ እንደገና። በየዙሩ የእንግዳው ደም በግማሽ ይቀንሳል፣ አምስት ስድስት ዙር ከሄድክ በኋላ ወደ 98 እና 99 ፐርሰንት የአባባ ሩዝ ትሆናለች፣ የቀረችው 1 ፐርሰንት ግን ብዙ ጊዜ እዛው የቁመቱ ጂን ጎን ተለጥፋ የምትመጣ ነች፣ ጣዕም ምትቀይር ልትሆን ትችላለች፣ የመብሰያ ሰአት ምትቀይር ልትሆን ትችላለች፣ ሲዘሩት አይታወቅም፣ ሲበላ ነው ሚታወቀው። ህንድ ውስጥ ስዋርና ሚባለውን ሩዝ ውሃ ሲያጥለቀልቀው እንዲችል ያደረጉት በዚህ መንገድ ነው፣ ከኦዲሻ የመጣ ኤፍአር13ኤ ሚባል የገበሬ ሩዝ ላይ ያለውን ሰብ1 የተባለ ጂን እያዳቀሉ አሻገሩት፣ ጂኤምኦ ምናምን የለበትም፣ በጣም የተሳካ ስራ ነው። ግን ያንን ለመስራት ተቋም፣ የዲኤንኤ ምልክት ሚያነብ ላብ እና ትእግስት ያስፈልጋል፣ ስዋርና ደሞ ሚሊዮን ገበሬ የሚዘራው ሩዝ ስለሆነ ልፋቱን ይመልሳል። ለአባባ ፌስታል ማን ነው ይሄን ሁሉ አመት የሚያዳቅለው? ኤዲቲንግ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው፣ ሩዙን እንዳለ ትተህ አንዷን ቦታ ብቻ ትነካለህ።

እና ታዲያ ችግሩ የት ጋ ነው? ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

ክሪስፐሩን ሩዝ ላይ ሄዳችሁ አትረጩትም። አንድ ሴል ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዛች አንድ ሴል ደሞ ሙሉ ተክል መነሳት አለበት። ይሄን ለማድረግ መጀመሪያ ሩዙን አንድ በአንድ በእጅ ትፈለፍላለህ፣ ከሱቅ የተገዛ ሩዝ አይሆንም፣ ሲፈተግ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽዬ ፅንስ አብራ ትወልቃለችና። ከዛ በአልኮል ታጥባለህ፣ ከዛ በበረኪና፣ አዎ ያው የልብስ በረኪና፣ ከዛ በተቀቀለ ንጹህ ውሃ ደጋግመህ። ከዛ ምግቧ ላይ ታስቀምጣታለህ፣ ስኳር፣ ጨዋጨው፣ ቫይታሚንና ለማርጊያ አጋር ሚባል ዱቄት፣ እና አንድ ሚያስቅ ነገር፣ ቱፎርዲ። ጤፍ ያረመ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቅጠለ ሰፊ አረም ሚገድለው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል ስታደርገው ሩዙን አይገድለውም፣ ግራ ያጋባዋል፣ ፅንሷ ቅጠል ላውጣ ስር ልስደድ ትተውና ዝም ብላ እንደ እባጭ ታብጣለች። ካለስ ሚባለው ይሄ ነው። ጨለማ ውስጥ ሶስት አራት ሳምንት ታቆየዋለህ። ጥሩው ካለስ ደረቅ፣ ቢጫ ነገር፣ እንደ ቆሎ ፍርክስክስ ሚል ነው። መጥፎው ውሃ ያዘለ፣ ልስልስ፣ ንፍጥ መሳይ ነው፣ እሱን ተስፋ አታድርጉበት።

ከዛ ባክቴሪያው ይመጣል። አግሮባክቴሪየም አፈር ውስጥ የሚኖር ነው፣ የተፈጥሮ ስራው የተቆረጠ ተክል ፈልጎ የራሱን ዲኤንኤ ቁራጭ ሴሉ ውስጥ ማስገባትና እጢ ማስወጣት ነው፣ ሰዎች ያደረጉት እጢ ሚያወጣውን ጂን አውጥተው የፈለጉትን መተካት ነው። ነገር ግን ይሄ ባክቴሪያ የለመደው እንደ ትምባሆና ቲማቲም አይነት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ነው፣ እነሱ ሲቆስሉ አሴቶሲሪንጎን ሚባል ነገር ያመነጫሉ፣ ባክቴሪያው እሱን ሲያገኝ ነው በር ተከፍቷል ብሎ ሚነሳው። ሩዝ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ይሄን ጥሪ በደንብ አይጠሩም። ለዛ ነው ለብዙ አመት እህሎች በአግሮባክቴሪየም አይሆኑም ተብሎ በጂን ሽጉጥ ይተኮሱ የነበረው። በ1994 ጃፓኖቹ እነ ሂየይ አሴቶሲሪንጎኑን ራሳቸው ምግቡ ላይ ጨምረው፣ ከፅንሷ የወጣውን ካለስ ተጠቅመው ሩዝ በደንብ እንደሚይዝ አሳዩ፣ ከዛ ወዲህ ያለው ሁሉ የዛ ስራ ልጅ ነው።

ባክቴሪያው ከገባ በኋላ አጥበህ በአንቲባዮቲክ ትገድለዋለህ፣ ጂኑን ያልተቀበሉትን የካለስ ሴሎች ደሞ ብዙ ጊዜ ሃይግሮማይሲን ሚባል መድሃኒት አጥፍቶ ይለይልሃል፣ ከዛ የተረፈውን ቱፎርዲ የሌለበት፣ ሳይቶካይኒን ሚባል ሆርሞን ያለበት ምግብ ላይ አድርገህ ብርሃን ላይ ታወጣዋለህ፣ አሁን ቅጠል አውጣ ብለህ ትለምነዋለህ። እዚ ጋ ነው አብዛኛው የገበሬ ሩዝ እምቢ ሚለው።

ሂሳቡን ተመልከቱት፣ ለምሳሌ ብዬ ነው እንጂ የማንም ላብ ቁጥር አይደለም። ከዘሩ ግማሹ ጥሩ ካለስ ሰጠህ እንበል፣ ከሱ አምስት አንዱ ጂኑን ተቀበለ፣ ከሱ አስር አንዱ ቅጠል አወጣ። ግማሽ በአምስተኛ በአስረኛ ስታባዛው ከመቶ አንድ ነው። አሁን የመጨረሻዋን ከአስር አንድ ወደ ከመቶ አንድ አውርዳት፣ ሺ ዘር ፈልፍለህ አንድ ተክል ታገኛለህ፣ እሷም ነጭ ሆና ልትወጣ ትችላለች፣ አልቢኖ፣ ክሎሮፊል የሌላት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ታምራለች እንጂ ከስኳሩ ስትለይ ትሞታለች። ሰው ስለ ክሪስፐር ሲያወራ ስለ መቁረጡ ነው ሚያወራው፣ ስለዚች የመጨረሻዋ ማባዣ ሚያወራ የለም፣ ስራውን ሚገድለው ግን እሷ ነች።

እና ተመራማሪ ሰው ነው፣ ደሞዝና ቀነ ገደብ አለው፣ ምን ያደርጋል? ማያስቸግረውን ሩዝ ይይዛል። ለዛ ነው ጽሁፎቹን ስታነቡ ኒፖንባሬ፣ ኪታኬ፣ ኒፖንባሬ፣ ኪታኬ የሚደጋገመው። ሁለቱም ጃፖኒካ ከሚባለው የሩዝ ወገን ናቸው፣ ኪታኬማ ከዘር እስከ ዘር ሁለት ወር ከትንሽ ነው ሚፈጅበት፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ሳር ነው ሚወጣው። በሞቃት አገር ያለው ገበሬ በብዛት የሚዘራው ግን ኢንዲካ ሚባለውን ወገን ነው፣ እሱ ነው ሚጠቁረው። በ2000 የወጣው ወርቃማ ሩዝ፣ ቫይታሚን ኤ አለው ተብሎ አለምን ያነጋገረው፣ መጀመሪያ የተሰራው ታይፔ 309 በሚባል ለላብ በሚመች ጃፖኒካ ላይ ነበር፣ ሰው ወደሚበላው ዝርያ ለማሻገር የፈጀውን አመት አስቡት። ሳይንሱ ሚሄደው ጠርሙስ ውስጥ ወደሚበቅለው ሩዝ ነው፣ ገበሬው ጋ ያለው ይቀራል።

ይሄን ደሞ ሰብረው ያሳዩ አሉ፣ እኔ በጣም ምወደው የኮምቦካን ታሪክ ነው። ኮምቦካ እዚሁ ምስራቅ አፍሪካ የሚዘራ ኢንዲካ ሩዝ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ከእስያ የመጣ የባክቴሪያ ቅጠል አድርቅ በሽታ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል በ2019 ኪታኬና ሌሎች ላይ የሰሩትን ዘዴ፣ ባክቴሪያው ስኳር ሚሰርቅባቸውን ስዊት ሚባሉ ጂኖች መቀስቀሻቸውን ማበላሸት ነው፣ ኮምቦካ ላይ አመጡት። በ2023 ነው የታተመው። ግን ከሱ በፊት በ2020 ሌላ ትንሽ ጽሁፍ ነበረች፣ ማንም ዜና ያልሰራባት፣ ኮምቦካን ጠርሙስ ውስጥ እንዴት አድርገን እናብቅለው የምትል፣ በየሳምንቱ ምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጨመር ምትዘረዝር። ለኔ ዋናው ስራ እሷ ነች።

ህንዶቹም በ2025 ሁለት ኤዲት የተደረጉ ሩዞች አውጥተዋል፣ አንዱ ሳምባ ማሱሪ ላይ ነው የተሰራው፣ ህንድ ውስጥ ሰው ስሙን እየጠራ የሚገዛው ሩዝ ነው፣ ሌላው ኤምቲዩ1010 ላይ። የሳምባ ማሱሪው ላይ ያበላሹት ጂን ሳይቶካይኒንን ሚያፈርሰውን ነው፣ ሆርሞኑ ሲተርፍ ዛላው ብዙ ፍሬ ይይዛል። ያው ሳይቶካይኒን እኛ ጠርሙስ ውስጥ ቅጠል አውጣ ብለን የምንለምንበት ነው፣ ሳስበው ይገርመኛል።

እንግዲህ እምቢ ያለውን ሩዝ እንዴት እሺ ማሰኘት ይቻላል ወደሚለው ልግባ፣ እዚ ጋ ነው ልቤ ያለው፣ ምክንያቱም ግማሹ መፍትሄ ርካሽ ነው።

ጥቁረቱ ከአቮካዶው ጋር አንድ ነው፣ ሴሉ ሲቆስል ፌኖል ሚባሉ ነገሮች ይወጣሉ፣ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፣ ከዛ ራሱን ካለሱን ይመርዙታል። ቡና ላይ የሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ የቡና ቅጠል ስትቆርጥ ሚዲያው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምግብ ማለት ነው፣ እንደ ሻይ ነው ሚሆነው። የቡና ሰዎች ሚያደርጉትን ሩዝ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ አስኮርቢክ አሲድ ጠብ ማድረግ (ሎሚው ማለት ነው)፣ ከሰል ዱቄት መጨመር፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ሳይሰንፉ ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ሚዲያ ማዛወር። ላቡን ያስተማረችኝ እህታችን የኔን ፔትሪ ዲሾች አይታ «አንተ፣ ሩዝ ነው ምታበቅለው ወይስ ቡና እያፈላህ ነው?» ያለችኝ ሳዛውር ስለዘገየሁ ነው፣ ልክ ነበረች።

ሁለተኛው ማድረቅ ነው። ይሄ እንዴት እንደሚገርመኝ ልነግራችሁ አልችልም። ካለሱን ቅጠል አውጣ ከማለትህ በፊት ባዶ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ደረቅ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ቀን ታሳድረዋለህ፣ ትንሽ ይጠወልጋል፣ በቃ፣ ከዛ ስትመልሰው ቅጠል የማውጣት እድሉ ይጨምራል፣ ኢንዲካዎች ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታየ ነገር ነው። ዘር ድሮም ደርቆ ነው ሚበቅለው፣ ምናልባት ካለሱም ዘር የሆነ ይመስለዋል፣ ይሄ የኔ ግምት ነው። ወረቀቱ የሳንቲም ነው። አጋሩን ወፈር ማድረግም ያው ውሃውን ለመቀነስ ነው። ስኳሩንም ከተራው ወደ ማልቶስ መቀየር ለብዙ ኢንዲካ ይጠቅማል፣ ማልቶስ ቀስ ብሎ ነው ሚፈርሰው። ከደረቀ ዘር ይልቅ ገና ያልበሰለ፣ ወተት የያዘ ፍሬ ውስጥ ያለችውን ፅንስ መጠቀምም የጃፓኖቹ ምክር ነው፣ እሷንም ባክቴሪያው ከመንካቱ በፊት ሞቅ አድርገው በሴንትሪፊውጅ ያሽከረክሯታል፣ ይሻሻላል፣ ግን ያልበሰለ ፍሬ ሁልጊዜ እንዲኖርህ አመቱን ሙሉ ግሪን ሃውስ ውስጥ ሩዝ እያከታተልክ መዝራት አለብህ፣ እዛ ላይ ርካሽነቱ ያበቃል።

ምግቡ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ቲሹ ካልቸር ላብ የገባ ሁሉ ኤምኤስ ሚለውን ሚዲያ ያውቃል፣ በ1962 ለትምባሆ የተቀመረ ነው። ለትምባሆ! ቻይናዎቹ በ1975 ኤን6 ሚባለውን ሰሩ፣ ለሩዝ፣ የአሞኒየም ናይትሮጅኑ አነስ ያለ። ሩዝ ሲያዝ ኤን6 ነው ሚጀመረው፣ ግን እዚ አገር ብዙ ላብ መደርደሪያ ላይ ያለው የተዘጋጀ ኤምኤስ ዱቄት ስለሆነ ሰው ያለውን ይጠቀማል ከዛ ሩዙ አይሆንም ይላል። የናይትሮጅኑ ነገር ደሞ ቀልድ አይደለም። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ለምንድነው ኮሺሂካሪ፣ ጃፓኖች እንደ ማኛ ጤፍ የሚያዩት ሩዛቸው ነው፣ ከካለስ ቅጠል አላወጣ ያለው፣ ካሳላት ሚባለው የደቡብ እስያ ነባር ሩዝ ግን በቀላሉ የሚያወጣው ብለው ሁለቱን አዳቅለው ሲፈልጉ፣ ትልቁ ልዩነት የተገኘው አንድ ጂን ላይ ነው፣ ናይትራይትን ወደ አሞኒየም የሚቀይር ኢንዛይም። ኮሺሂካሪ ይሄን ኢንዛይም በደንብ ስለማይሰራ ናይትራይት ይጠራቀምበታል፣ ናይትራይት ደሞ መርዝ ነው። የካሳላትን ጂን በማዳቀል ሲሰጡት ኮሺሂካሪም ቅጠል ማውጣት ጀመረ። ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ እዚ ጋ ጎበዙ ነባሩ የገበሬ ሩዝ ነው፣ ሰነፉ ምርጥ ዘር የተባለው ነው፣ ስለዚ የገበሬ ሩዝ ሁሉ አስቸጋሪ ነው ማለት ስንፍና ነው። ሁለተኛ፣ እምቢታው ምስጢር አይደለም፣ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ደሞ አንዳንዴ የማዳበሪያ አይነት የመምረጥ ያህል ቀላል ነው።

ውዱ መፍትሄ ደሞ አለ፣ በሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሴሉን ፅንስ ሁን ብለው የሚያዙ ጂኖች አሉ፣ ቤቢ ቡም እና ውሸል ይባላሉ፣ በ2016 በቆሎ ላይ ተጠቅመውባቸው እምቢ ያሉ ዝርያዎች እሺ አሉ፣ ኢንዲካ ሩዝም አብሮ ተሞክሯል። ችግሩ ስራቸውን ከጨረሱ በኋላ ካልወጡ ተክሉን ያጣምሙታል። በ2020 የመጣው ጂአርኤፍ4 እና ጂአይኤፍ1 የተባሉ ሁለት ጂኖች አንድ ላይ የተሰፉበት ዘዴ ይሻላል፣ ስንዴ ላይ በጣም ሰርቷል፣ ሩዝ ላይም፣ ተክሎቹም ጤነኛ ናቸው። ግን እነዚ ነገሮች ፓተንት አላቸው፣ ለምርምር ያገኛሃቸው ነገር ለዘር ብዜት ስትደርስ ሌላ ወሬ ነው ሚሆነው። ጠርሙሱን ጭራሽ ዘለው የበቀለ ዘርን በመርፌ ወግተው ባክቴሪያው ውስጥ የሚነክሩም አሉ፣ አራቢዶፕሲስ ለሚባለው የላብ ተክል አበባውን መንከር ከ1998 ጀምሮ የተለመደ ነው፣ ለሩዝ ግን በየላቡ የሚደገም ሆኖ ገና አልቆመም፣ እኔም አልሞከርኩትም።

ጂኤምኦ የሚለው ፍራቻ ይመጣል ይሄኔ፣ መምጣትም አለበት። ሩዝ ራሱን ነው የሚያዳቅለው፣ ስለዚ ኤዲት የተደረገውን ተክል ዘሩን መልሰህ ስትዘራ፣ የክሪስፐሩ ጂን አንድ ቦታ ብቻ ገብቶ ከሆነ ከአራት ልጆቹ አንዱ ጂኑን ሳይወርስ ይወጣል፣ የተቆረጠችው ቦታ ግን ትቀራለች፣ አይአር8 ላይ ተፈጥሮ ካደረገችው ብዙም ማይለይ ነገር። እንሰት ወይም ሙዝ ላይ ይሄ አይሰራም፣ በዘር ስለማይባዙ የገባው እንደገባ ነው። ኢትዮጵያ በ2009 አዋጅ ቁጥር 655 ሚባል የደህንነተ ህይወት ህግ አውጥታ በ2015 አሻሽላዋለች፣ በ2018 ደሞ ቢቲ ጥጥ የተባለው ጂኤምኦ ጥጥ ለገበሬ እንዲደርስ ፈቅዳለች፣ ስለዚ በሩ ዝግ አይደለም፣ ፈቃድ፣ የተከለለ ላብ፣ የተከለለ ማሳ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። እኔ ምለው ግን ሌላ ነው፣ ያን ወረፋ ከመያዛችን በፊት ያለ ምንም ፈቃድ የሚሰራ ግማሽ ስራ አለ፣ እሱን አልሰራነውም።

ጅማን ተመልከቱ። እርሻ ኮሌጁ ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፣ መልኮ ያለው የምርምር ማእከል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቡና ላይ የተካነ ነው፣ አባ ቡና ሚባለውን ድቅል ቡና ያወጣው እሱ ነው፣ ድቅል ቡናን ሳይለወጥ ለማባዛት ደሞ ከራሱ የወጣው ዘር ስለማይሆን ቲሹ ካልቸር አንዱ ዋና መንገድ ነው፣ ስለዚ እዚ ከተማ ውስጥ ካለስ አይቶ ጥሩውን ከመጥፎው በአይኑ የሚለይ ሰው አለ። ይሄ እጅ በገንዘብ አይገዛም። ሩዙ ደሞ ሩቅ አይደለም፣ ጨዋቃ አለ፣ ጉራፈርዳ አለ። በእርግጥ የአገሪቱ ሩዝ ልቡ ፎገራ ነው፣ በ1970ዎቹ እዛና ጋምቤላ ነው የተጀመረው፣ ኤክስ-ጅግና ሚባለው ገበሬው የሙጥኝ ያለው ሩዝ እዛ ነው ያለው፣ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ስልጠና ማእከል አለ። ጣና ዳርና ጋምቤላ ረግረግ ላይ ሎንጊስታሚናታ ሚባል ዱር በቀል ሩዝም አለን፣ ማንም ሳይዘራው ከስሩ እየታደሰ ሚኖር። የምእራብ አፍሪካው ነባር ሩዝ ላይ፣ ግላበሪማ ሚባለው፣ ካብሬ የተባለ የገበሬ ዝርያ ተወስዶ በክሪስፐር እስከመስራት ተደርሷል፣ እኛ የራሳችን ሩዞች ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ገና በስርአት መዝግበን አልጨረስንም።

መብራቱን ልተወው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ካለስ 25 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የጅማ ሌሊት ይበርዳል። የሰራሁበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ጀነሬተር ነበረው፣ ናፍጣ ግን ግዢ ሂደት ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ ግዢ ሂደት ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ የጠፋ መብራት ሰኞ ጠዋት መጣ፣ አውቶክሌቩም ከመሃል ቆሞ ኖሮ ሚዲያው በደንብ ሳይቀቀል ነው የቀረው፣ ያንን ያላወቀ ሰው ደሞ ወደ ፔትሪ ዲሽ ገለበጠው። ሐምሌ ነው፣ አየሩ ራሱ ሻጋታ ነው። በሳምንቱ ግማሽ ያህሉ ላይ መጀመሪያ ነጭ ጥጥ፣ ከዛ አረንጓዴ፣ ከዛ ጥቁር ዱቄት። አንድ ወር የፈለፈልኩት ሩዝ። ቁጭ ብዬ ለሽንት ቤት ማጽጃ በተቀመጠው በረኪና ውስጥ አንድ በአንድ ደፋሁት።

የኔ ሃሳብ እንዲህ ነው። ክሪስፐሩን ለጊዜው እርሱት። ገበሬ እጅ ላይ ያለውን ሩዝ፣ የጨዋቃውን፣ የጉራፈርዳውን፣ የፎገራውን፣ እያንዳንዱን በሁለት ሶስት ሚዲያ፣ በደረቀና ባልደረቀ፣ በተራ ስኳርና በማልቶስ ሞክሮ ማነው ካለስ ሚሰጠው፣ ማነው ቅጠል ሚያወጣው፣ ማነው ሚጠቁረው፣ ማነው አልቢኖ ሚሆነው ብሎ መመዝገብ። ምንም ጂን አይገባም፣ ስለዚ የደህንነተ ህይወት ፈቃድ አይጠይቅም፣ የማስተርስ ተማሪ በአንድ አመት ሊሰራው ይችላል፣ ያልሰራውንም ጨምሮ ማለት ነው፣ አልሆነም የሚለውን ማንም አይጽፈውም እንጂ በጣም ጠቃሚው እሱ ነው። ኮምቦካ በ2023 የደረሰበት ለመድረስ የ2020ዋ ጽሁፍ እንዳስፈለገችው፣ የኛም ሩዞች መጀመሪያ የራሳቸው የጠርሙስ መመሪያ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ዝርያ ጠርሙስ ውስጥ እሺ ካለ፣ ቁመት ይሁን በሽታ ይሁን ብርድ፣ ጂኑን አንድ ጊዜ ለአንድ ስራ ሳይሆን በተፈለገ ቁጥር ነው ምትነካው። እምቢ ካለ ደሞ የአለም ክሪስፐር ተሰብስቦ ቢመጣ ምንም አያደርግልህም።

የአባባን ሩዝ ከሻጋታው በኋላ እንደገና ጀመርኩት፣ ፌስታሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በኤን6፣ በማልቶስ፣ ወረቀት ላይ አንድ ሌሊት አሳድሬ። ጠርሙሶቹ ላይ በማርከር «አባባ» እያልኩ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ብዙዎቹ ጠቆሩ። ሁለቱ ነጭ ቅጠል አወጡ፣ ለቆንጆ ፎቶ ብቻ ሚሆኑ። አባባ 7 እና አባባ 11 ላይ ግን የጎመን ዘር ሚያክል አረንጓዴ ነጥብ አለ፣ 11 ላይ ያለው እንደውም ትናንት ጫፉን አሹሎ አየሁት።

ጓደኛዬ ደውሎ «አባዬ አጠረ ወይ እያለ ነው» አለኝ። ገና አልተነካም በላቸው አልኩት፣ ግን ጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴ ሆኗል በላቸው። ትንሽ ዝም አለና «እሱንማ እኔስ እርሻዬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ አየው የለ ይለኛል» አለኝ።